በጋራው ጎተራ ውስጥ የእኛ እህል የት አለ?

ስልካችሁ «ማከማቻው ሞልቷል» ሲላችሁ የልጆቻችሁን ፎቶ ላለማጥፋት ወደ «ክላውድ» ትልኩታላችሁ። ክላውድ በእንግሊዝኛ ደመና ማለት ነው፤ ፎቶው ግን ሰማይ ላይ አይወጣም። የሚሄደው በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ወደተደረደሩበት፣ መብራትና ማቀዝቀዣ ቀን ከሌት ወደማይቋረጥበት ትልቅ አዳራሽ ነው። አዳራሹ የሌላ ሰው ነው። እኛ ጥግ ይዘን ዕቃችንን እናስቀምጣለን፤ በፈለግን ጊዜም በስልካችን ከፍተን እናየዋለን።

የዓለም ሳይንስም ዛሬ ዕቃውን የሚያስቀምጠው እንዲህ ባሉ አዳራሾች ነው። የሳይንሱ ዕቃ ግን የልደት ፎቶ አይደለም። የመቶ ሺዎች ሰዎች የደም ምርመራ ውጤት፣ የሕመም ታሪክ፣ ከእናትና ከአባት የወረሱት ዘረመል ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ቦታ ተከማችቶ፣ በተለያዩ አገሮች ያሉ ተመራማሪዎች በጋራ የሚሠሩበት ክላውድ ባለፉት ዓመታት ተገንብቷል፤ እየሰፋም ነው።

«ደመወዛችን በዘገየበት፣ የዕረፍት ቀናችን በተከለከለበት ሰዓት ስለ ሳይንስ ኮምፒውተር የምታወሩልን ለምንድን ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ የማንንም ደመወዝ አያስከፍልም። ቢሆንም ጉዳዩ በሁለት በኩል እናንተን ይነካል። አንደኛ፣ ሲያማችሁ የምትውጡት መድኃኒት ለማን እንደሚስማማና ማንን እንደሚጎዳ የሚታወቀው እንዲህ ካለው መረጃ ነው፤ እናንተ በመረጃው ውስጥ ከሌላችሁ መድኃኒቱ እናንተን አያውቃችሁም። ሁለተኛ፣ መረጃው የሚገኘው ከሰው ነው፤ «እምቢ» ማለት ከሚችለውም፣ ከማይችለውም። የቤት ሠራተኛ «እምቢ» የምትልበት ቦታ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ደግሞ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ሰው ጂኖም፣ ማለትም በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ ያለው የዘር መመሪያ፣ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ትልቅ መጽሐፍ ነው ብንል አንሳሳትም። ርዝመቱ ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል ይጠጋል። ይህን መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማንበብ ከ1990 እስከ 2003 ድረስ 13 ዓመት ፈጅቷል። ዛሬ የአንድ ሰው ጂኖም በቀናት ውስጥ ይነበባል። ንባቡ ሲቀል ግን ሌላ ችግር መጣ፤ የተነበበው የት ይቀመጥ?

በእንግሊዝ አገር «ዩኬ ባዮባንክ» የሚባል ድርጅት ከ2006 እስከ 2010 ድረስ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆኑ 500 ሺህ ያህል ፈቃደኛ ሰዎችን መዘገበ። ደማቸውን ሰጡ፤ ስለ አኗኗራቸው ተጠየቁ፤ የሕክምና ፋይላቸው እንዲታይም ፈቀዱ። በ2023 መጨረሻ ከሞላ ጎደል የሁሉም ሙሉ ጂኖም ተነብቦ ለተመራማሪዎች ተከፈተ። የዚህ መረጃ ክብደት 27.5 ፔታባይት ያህል ነው። 128 ጊጋባይት በሚይዝ ስልክ እንጫነው ብንል ከ200 ሺህ በላይ ስልኮች ያስፈልጉናል።

ቀድሞ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የሚፈልገውን መረጃ ወደ ራሱ ኮምፒውተር ይገለብጥ ነበር። መረጃው ሲከብድ ሃርድ ዲስክ በፖስታ እስከ መላላክ ተደርሷል። ይህ እህሉን ተሸክሞ ወፍጮ ቤት እንደመሄድ ነው። ጭነቱ አንድ ቁና ሲሆን ይቻላል፤ ጭነቱ የአገር ምርት ሲሆን ግን ወፍጮውን እህሉ ካለበት ጎተራ አጠገብ መትከል ይሻላል። የጋራ ክላውድ የሚባለው ይኸው ነው። መረጃው ከቦታው አይነቃነቅም፤ ተመራማሪው ከያለበት በኢንተርኔት ገብቶ፣ እዚያው ባሉት ኮምፒውተሮች ሥራውን ሠርቶ፣ ውጤቱን ብቻ ይዞ ይወጣል። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በ2012 የታየው ነው። የሰው ልጆችን የዘረመል ልዩነት ለማጥናት የተቋቋመው «የአንድ ሺህ ጂኖም ፕሮጀክት» 200 ቴራባይት መረጃውን በአማዞን ክላውድ ላይ ለማንኛውም ተመራማሪ ክፍት አደረገ። ዩኬ ባዮባንክም ከ2021 ጀምሮ ተመራማሪዎቹን የሚያሠራው በእንዲህ ዓይነት ክላውድ ነው።

ይህ አሠራር ለድሃ አገር ትልቅ በር ይከፍታል። ጎንደር ወይም ጅማ ያለች ተመራማሪ የሚሊዮን ዶላር ኮምፒውተር ባይኖራትም፣ አንድ ላፕቶፕና አስተማማኝ ኢንተርኔት ካላት፣ በኦክስፎርድ ያለው ሰው በሚጠቀምበት መረጃ ልትሠራ ትችላለች። ዩኬ ባዮባንክ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆኑ አገሮች ለሚመጡ ተመራማሪዎች ክፍያውን ይቀንሳል። በሩ ግን ሙሉ በሙሉ ነጻ አይደለም። ወፍጮው በሰዓት ያስከፍላል፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ዶላር ፍለጋ ልጆቹን ወደ ባዕድ አገር የሚልክ ሕዝብ ይህን ሒሳብ ለማስረዳት አያስቸግርም። መብራት የሚቆራረጥበትና ኢንተርኔት የሚዘጋበት ቀንም ለተመራማሪዋ የጠፋ ቀን ነው።

ከወፍጮው ኪራይ የሚበልጠው ጥያቄ ግን በጎተራው ውስጥ ያለው እህል የማን ነው የሚለው ነው።

በ2019 ሴል በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ይህን ቆጥሮታል። እስከ 2018 ድረስ ዘረመልን ከበሽታ ጋር ለማገናኘት በተደረጉ ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች ውስጥ 78 ከመቶው ከአውሮፓ የዘር ሐረግ የተገኙ ናቸው። የእስያ ተወላጆች 10 ከመቶ፣ የአፍሪካ ተወላጆች ደግሞ 2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዩኬ ባዮባንክም ከአሥር ሰዎች ከዘጠኝ የሚበልጡት ነጮች ናቸው። ከላይ ያነሣነው የአንድ ሺህ ጂኖም ፕሮጀክት ከናይጄሪያ፣ ከጋምቢያ፣ ከሴራሊዮንና ከኬንያ ሰዎችን ሲያካትት ከኢትዮጵያ አላካተተም። የሰው ዘር መገኛ የምትባለው አገር በጋራው ጎተራ ውስጥ ቁናዋ አልደረሰም።

«ሰው ሁሉ ሰው ነው፤ የነጩ ደም ከተጠና ለእኔም ይሆናል» ማለት ይቻላል። በብዙ ነገር ትክክል ነው። በአንዳንድ ነገር ግን ትክክል አይደለም። ምሳሌውን ከእናንተ የመድኃኒት ከረጢት እናውጣ።

ኮዴይን የሚባል የሕመም ማስታገሻ አለ፤ በአንዳንድ የሳል ሽሮፖች ውስጥም ይገኛል። ኮዴይን የሚሠራው በአብዛኛው ጉበታችን ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው። ቀያሪው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ኢንዛይም የሚያዝዘውን ዘረመል ሁለት ቅጂ ይዞ ይወለዳል። ከዚያ በላይ ቅጂ ይዘው የሚወለዱም አሉ። በእነዚህ ሰዎች ውስጥ ኮዴይኑ ወደ ሞርፊን የሚቀየረው በፍጥነትና በብዛት ነው፤ ለሌላው ሰው ልክ የሆነው መጠን ለእነሱ ከልክ በላይ ይሆናል። ትንፋሽ እስከ ማዳከም ሊደርስ ይችላል። የሚያጠባ እናት ከሆነች ደግሞ ሞርፊኑ በጡት ወተቷ ወደ ሕፃኑ ያልፋል።

በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ውስጥ 29 ከመቶው ከሁለት በላይ ቅጂ ያላቸው ሆነው ተገኙ። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ይህ በመቶ ጥቂት ሰው ብቻ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም ስለ ኮዴይን ባወጣው ማስጠንቀቂያ ኢትዮጵያውያንን፣ ሰሜን አፍሪካውያንንና አረቦችን በስም ጠርቶ፣ ከ16 እስከ 28 ከመቶ የሚሆኑት እንዲህ ዓይነት ሰዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ ጽፏል። ልብ በሉ፤ በዚህ ጉዳይ እመቤቲቱና የቤት ሠራተኛዋ በአንድ ሰልፍ ውስጥ ቆመዋል። በ2017 ባለሥልጣኑ ኮዴይንና ትራማዶል ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ለሕመም ማስታገሻ እንዳይሰጡ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዷቸው አስጠነቀቀ።

ይህን የምንነግራችሁ ልናስፈራራችሁ አይደለም። 29 ከመቶ ማለት ከአሥር ሰው ሰባቱ እንዲህ አይደሉም ማለት ነው፤ ሰውን በመልኩ አይቶም ማወቅ አይቻልም። ነገር ግን ሐኪም ወይም ፋርማሲ የሕመም ማስታገሻ ሲሰጣችሁ «ኮዴይን ወይም ትራማዶል አለበት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትንከባከቡት ሕፃን ካለም ከሌላ ሰው የተረፈ የሳል ሽሮፕ አትስጡት። ሁለቱ መድኃኒቶች በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጥብቅ ቁጥጥር ስለሚደረግባቸውም ያለ ሕጋዊ ማዘዣ ከአገር ቤት ይዛችሁ አትምጡ፤ የሰው አደራ ብላችሁም አትቀበሉ።

አሁን ወደ ጎተራው እንመለስ። አንድ ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ የራሷን ሕዝብ ደም ባታጠና ኖሮ ይህን እውቀት መቼና ከማን እናገኘው ነበር? ይህ አንድ መድኃኒት ነው። ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለጡት ካንሰር በሚሰጡት መድኃኒቶች ላይ ያልተጠየቀው ጥያቄ ስንት ይሆን?

የተረሱ ሰዎች ሲካተቱ የሚጠቀመው ሌላውም ነው። በ2005 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ ሄለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች የልብ ጤና ጥናት ሲያደርጉ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል የደም ስባቸው ከተለመደው እጅግ ዝቅ ያለ ሰዎች አገኙ። ምክንያቱ አንድ የተበላሸ ዘረመል ነበር፤ ብልሽቱ ግን ሰዎቹን ከልብ ሕመም የሚጠብቅ ሆነ። ከዚህ ተነሥተው የመድኃኒት ኩባንያዎች የደም ስብን የሚቀንሱ አዳዲስ መርፌዎችን ሠሩ፤ በ2015ም ፈቃድ አገኙ። የመጀመሪያ ዋጋቸው በአሜሪካ በዓመት ከ14 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። መንገዱን ያሳየው የጥቁር ሰው ደም ነው፤ በዚያ ዋጋ መድኃኒቱን መግዛት የሚችለው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ «ግቡና ተቆጠሩ» ማለት ብቻውን አይበቃም። በምን ውል እንደምንገባም መታወቅ አለበት።

ያለ ውል የገባ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታሪክ ጽፎታል። ሄንሪየታ ላክስ በአሜሪካ የትንባሆ እርሻ ላይ ያደገች፣ የአምስት ልጆች እናት የሆነች ጥቁር ሴት ነበረች። በ1951 ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ለማኅፀን ጫፍ ካንሰር ስትታከም፣ ሳትጠየቅ ከዕጢዋ ቁራጭ ተወሰደ። በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ አረፈች። የተወሰደው ሕዋስ ግን በላቦራቶሪ ውስጥ መራባቱን ቀጠለ። የፖሊዮ ክትባት የተሞከረበት እሱ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥናቶችም ተሠርተውበታል። ቤተሰቦቿ ይህን የሰሙት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። በ2013 ደግሞ የሕዋሱ ሙሉ ጂኖም ማንም እንዲያየው በኢንተርኔት ተለቀቀ። ጂኖም የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የልጆቿና የልጅ ልጆቿም ምስጢር በውስጡ አለ። አሁንም የጠየቃቸው አልነበረም።

ቤተሰቡ ዝም አላለም። መረጃው ከኢንተርኔት ወረደ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጋር ስምምነት ተደረገ። መረጃው በተቆለፈ የጋራ ማከማቻ ገባ፤ የሚፈልግ ተመራማሪም ማመልከት ግድ ሆነበት። ማመልከቻውን እንዲመለከት ስድስት አባላት ያሉት ቡድን ተሰየመ፤ ሁለቱ ከላክስ ቤተሰብ ነበሩ። ከ62 ዓመት በኋላ የዚያች ድሃ ሴት ቤተሰብ ከጎተራው ቁልፍ አንዱን ያዘ ማለት ነው። ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። ቤተሰቡ «ሳይንስ ይቁም» አላለም፤ «በሩ ላይ እኛም እንቁም» አለ።

ሌላም አለ። በአሪዞና ግዛት በግራንድ ካንየን ሸለቆ ውስጥ የሚኖሩ ሃቫሱፓይ የተባሉ ነባር ሕዝቦች ከ1990 ጀምሮ ለስኳር በሽታ ምርምር ደማቸውን ሰጡ። ደሙ ግን ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ሕዝቡ የፍልሰት ታሪክ ለሚደረግ ጥናትም ዋለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2010 የግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች ቦርድ 700 ሺህ ዶላር ለመክፈልና የቀረውን ደም ለመመለስ ተስማማ። ደሙ ተመለሰ፤ ተገልብጦ የሄደ መረጃ ግን እንደፈሰሰ ውኃ ነው።

የጋራ ክላውድ በአግባቡ ከተያዘ ከድሮው የሚሻለው በዚህ ነው። እህሉ ከጎተራው ካልወጣ፣ ማን እንደገባ፣ መቼ እንደገባ፣ ምን እንደሠራ ይመዘገባል። ያጠፋ ይታገዳል። «ከእንግዲህ መረጃዬን አትጠቀሙበት» ያለም ሰው ለወደፊቱ ሊወጣ ይችላል፤ ዩኬ ባዮባንክም ለተሳታፊዎቹ ይህን መብት ይሰጣል። በሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ወደ አርባ አገር የተበተነ ፋይልን ግን ማንም አይሰበስበውም። በአግባቡ ካልተያዘ ደግሞ አንድ ትልቅ ጎተራ ለሌባም አንድ ትልቅ ጎተራ ነው። ቁልፉን የያዙት ጥቂት የውጭ ኩባንያዎች ከሆኑ ዋጋውንም ሕጉንም የሚወስኑት እነሱ ይሆናሉ።

በአገራችንም መልካም አርአያ አለ። በወላይታ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሠሩ ገበሬዎችን የሚያጠቃ የእግር እብጠት፣ በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው ዓይነት በሽታ አለ። ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች በሽታው ከዘረመል ጋር ግንኙነት እንዳለው ለማወቅ ፈለጉ። ነገር ግን ደም ከመውሰዳቸው በፊት ሕዝቡን «እንዴት ብንጠይቃችሁ ይሻላል?» ብለው ጠየቁ። የሰዎቹ ሥጋት ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ «የዘር በሽታ ነው» ከተባለ ልጆቻችን ይገለላሉ የሚል ነበር። ተመራማሪዎቹ የፈቃድ አጠያየቃቸውን በዚሁ አስተካከሉ። ጥናቱ በ2012 በታላቅ የሕክምና መጽሔት ወጥቶ ግንኙነቱን አሳየ። ቀድሞ መጠየቅ ሳይንሱን አላዘገየውም፤ አላበላሸውምም።

ወደምንኖርበት አካባቢ እንምጣ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የራሳቸውን ጎተራ እየሞሉ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ የጂኖም ፕሮግራሟን የጀመረችው በ2013 ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የአንድ ሚሊዮን ዜጎቿን ጂኖም ለማንበብ አቅዳ እየሠራች ነው፤ ቀጠርም የራሷ ፕሮግራም አላት። አገር ለዜጎቿ ጤና እንዲህ ማሰቧ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በእነዚህ አገሮች ሆስፒታሎች ከሚታከሙት ብዙዎቹ ስደተኛ ሠራተኞች ናቸው። ለዜጋው በተጠና መጠን የሚታዘዘውን መድኃኒት የሚውጡት እነሱም ናቸው። የእኛ አገር የራሱን ካላጠና፣ ማንም እንዲያጠናልን መጠበቅ አይገባም።

ስለዚህ የዚህ ጋዜጣ አቋም የሚከተለው ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥትና የምርምር ተቋሞቻችን፣ በተለይም የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ወደ ጋራው ክላውድ በግልጽ ውል ይግቡ። መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ከእሱ የሚገኘው ጥቅም ለሰጪው ሕዝብ እንዴት እንደሚመለስ አስቀድሞ ይጻፍ። በጤፍ የደረሰብንን አልረሳንም። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት አውጥቶ ለዓመታት ሲያጨቃጭቅ ቆይቶ፣ በሔግ ያለ ፍርድ ቤት ፓተንቱ በዚያ አገር ዋጋ እንደሌለው የወሰነው በ2018 መጨረሻ ነው። በእህላችን የተሠራው ስሕተት በደማችን መደገም የለበትም። እንዲህ ስንል ግን በሩን ዘግታችሁ ተቀመጡ ማለታችን አይደለም። የተዘጋ ጎተራ ነቀዝ ይበላዋል።

የጋራ ክላውዶቹን የሚያስተዳድሩ ወገኖችም ለድሃ አገር ተመራማሪ የሚሰጡትን የዋጋ ቅናሽ ያስፉ። ከአፍሪካ መረጃ ብቻ ወስዶ ስሌቱን ለሌላው መተው ጥሬ ቡናን በርካሽ ሸጦ የተፈላውን በውድ እንደመግዛት ነው።

ሦስተኛው አቋማችን እናንተን የሚመለከት ነው። በዓለም የሕክምና ማኅበር በ1964 የወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ፣ ለምርምር የሚጠየቅ ሰው በሚጠይቀው ሐኪም ላይ ጥገኛ ከሆነ ፈቃዱን ሌላ ገለልተኛ ሰው እንዲጠይቀው ያዝዛል። ይኸው ማኅበር በ2016 ያሻሻለው የታይፔ መግለጫ ደግሞ መረጃው በትልልቅ ማከማቻ የሚቀመጥ ሰው የማወቅና ፈቃዱን የማንሣት መብት እንዳለው ይናገራል። በእኛ እምነት የሄልሲንኪው ሐሳብ ለቤት ሠራተኛም መሥራት አለበት። ኢቃማዋ በአሠሪዋ እጅ ያለ፣ ስልኳን ስትከፍት የምትታይ ሴት፣ ማዳም አጠገቧ ቆማ «ፈርሚ» ስትባል የምትፈርመው ፊርማ ፈቃድ አይባልም። ከስደተኛ ሠራተኞች ለምርምር ደም ወይም መረጃ የሚጠይቅ ሆስፒታልም ሆነ ዩኒቨርሲቲ፣ በምታውቀው ቋንቋ፣ አሠሪና ኤጀንት በሌሉበት ሊጠይቃት ይገባል። እምቢ ብትል ሕክምናዋም ሥራዋም አይነካም የሚል ዋስትናም በጽሑፍ ሊሰጣት ያስፈልጋል።

እናንተም አንድ ነገር ለዩ። ምርመራ ሌላ ነው፣ ምርምር ሌላ ነው። ከመምጣታችሁ በፊትና ከደረሳችሁ በኋላ ለመኖሪያ ፈቃድ የምትሰጡት ደም ለምርመራ ነው፤ ሕጉ ስለሚያስገድድ አማራጭ የላችሁም። ምርምር ግን ግዴታ አይደለም። ለምርምር ከተጠየቃችሁ አራት ነገር ጠይቁ። የምትጠይቁኝ እነማን ናችሁ? የምትፈልጉት ለምን ጥናት ነው? መረጃዬ የት ይቀመጣል፣ ስሜስ አብሮት አለ ወይ? ሐሳቤን ብለውጥ መውጣት እችላለሁ ወይ? መልስ የማይሰጥ ሰው ደማችሁ አይገባውም። ጥርት ያለ መልስ ለሚሰጥ ግን በደስታ ብትሰጡ የምትረዱት ልጆቻችሁን ነው።

መስጠት የሚጠቅም ለመሆኑም ማስረጃ አለ። በአሜሪካ «ኦል ኦፍ አስ» የተባለው ፕሮግራም ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ለመሰብሰብ ተነሥቶ፣ መረጃውን በጋራ ክላውድ አስቀምጦ ያሠራል። በ2024 መጀመሪያ 245 ሺህ ያህል ሙሉ ጂኖሞችን ይፋ ሲያደርግ፣ ከተሳታፊዎቹ 77 ከመቶው ቀድሞ በምርምር ከተረሱ ወገኖች ነበሩ። ከዚያ በፊት ተመዝግበው የማያውቁ ከ275 ሚሊዮን በላይ የዘረመል ልዩነቶችም ተገኙ። የተረሳው ሰው ሲቆጠር ሳይንሱ ራሱ ሰፋ። እህት ወንድም አሜሪካ ያላችሁ ስለ ፕሮግራሙ ንገሯቸው።

የሰው ቤት የምታጸዱ፣ የሰው ልጅ የምታሳድጉ እናንተ፣ ብዙ ጊዜ ስማችሁ ሳይጠራ በብዙ ቤተሰብ ጤና ውስጥ እጃችሁ አለበት። በዓለም የጤና መረጃ ውስጥም እንዲሁ ስማችሁ ሳይጠራ መቅረት የለባችሁም፤ ሳትጠየቁም መግባት የለባችሁም። እህላችን በጋራው ጎተራ ይግባ፤ በቁናችን ተሰፍሮ፣ በውላችን ተጽፎ፣ ከቁልፎቹም አንዱ በእጃችን ሆኖ ይግባ!